አንድም፣ አንድም፦ በቆቦ ሜዳ የቆመ ፓምፕና ምክንያትን የመፈለግ ግዴታ

«ምክንያት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል አንድን ነገር ያስከተለውን ነገር ያመለክታል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከጥፋት ለመሸሽ የሚቀርበውን ማመካኛ ይጠራል፤ ስለዚህም ማመካኛ የሚያበዛ ሰው «ምክንያተኛ» ይባላል። «ሰበብ» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል፦ በዐረብኛ መጀመሪያ ገመድን፣ ከዚያም አንድን ነገር ከሌላው የሚያያይዘውን አስገኚ ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ በሙስሊሞች አነጋገር ዛሬም «ሰበቡን ማድረስ» ማለት ሰው ከራሱ የሚጠበቀውን አድርጎ ውጤቱን ለፈጣሪ መተው ነው፤ በተራው ንግግር ግን «ሰበብ ፈለገ» ሲባል የሚጣላበት ወይም የሚያመልጥበት ቀዳዳ ፈለገ ማለት ሆኗል። ሁለቱም ቃላት ከአስገኚ ወደ ወቀሳ ተንሸራትተዋል፤ ይህም አንድ ነገር ሲበላሽ በሰው ልብ ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ማን አደረገው?» የሚለው መሆኑን ያሳያል። ከሁለቱ የትኛው ሊቀድም ይገባል የሚለው ጥያቄ የሞያተኞች ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ያልተመረመረ ምክንያት ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ የሚወድቅ ፍርድ ይሆናል።

ጥያቄው በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦ ሜዳ ነው። የራያ ቆቦ ቆላ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ በግዳንና በላስታ ደጋ መካከል የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ሲሆን፣ ዝናቡ የሚያንስና የማይታመን በመሆኑ ገበሬው ለብዙ ዘመን የኖረው በጎርፍ ጠለፋ፣ ማለትም እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ይዘውት የሚወርዱትን ድንገተኛ ውኃ በቦይ ወደ ማሽላ ማሳው በማዞር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማራ ክልል የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማትን ከጀመረ ወዲህ ግን በሜዳው ሆድ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ በጥልቅ ጉድጓዶችና በኤሌክትሪክ ፓምፖች እየወጣ በጠብታና በርጭት መስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በቆሎና ጤፍ ማልማት ተችሏል። ለውጡ የውኃውን ምንጭ ብቻ የቀየረ አልነበረም፤ የማይታየውንም ነገር ቀይሮታል። ጎርፍ ሲቀር ገበሬው ቀና ብሎ ደጋውን ያያል፣ ደመናው እንዳልጣለም በዓይኑ ይረዳል፤ ፓምፕ ሲቆም ግን ምክንያቱ ከመሬት በታች ብዙ ሜትር ርቆ በብረት ቱቦ ውስጥ ወይም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ባለ ሽቦ ላይ ስለሚሆን፣ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣና በሰው ላይ ያርፋል፦ በኦፕሬተሩ፣ ትላንት ተራው በነበረው ገበሬ፣ በመብራት ሠራተኛው ወይም በጉድጓድ ቆፋሪው ላይ።

ነገሩን ለመመርመር የማሽኑን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰብመርሲብል የሚባለው ፓምፕ ሞተሩና ውኃ ገፊው ክፍል ተያይዘው ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከውኃው ወለል በታች ጠልቀው የሚሠሩበት ፓምፕ ነው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው የሚያልፈው ውኃ ራሱ ስለሆነ፣ ውኃ ሲያጣ ሥራ መፍታት ብቻ ሳይሆን ይቃጠላል። ኃይሉን የሚያገኘው ከትራንስፎርመር ተነሥቶ በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር በፓናሉ በኩል በሚወርድ ሦስት ፌዝ ባለው ኬብል ነው፤ ፌዝ ማለት የኤሌክትሪክ ኃይሉን ከሚያመጡት መስመሮች አንዱ ሲሆን፣ በማናቸውም ሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። በፓናሉ ውስጥ ኮንታክተር የሚባለው ማብሪያ ኃይሉን ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ኦቨርሎድ ሪሌይ ደግሞ ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ አምፔር፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲስብ ተሰምቶት መስመሩን ያቋርጣል። ውኃው በበኩሉ ከፓምፑ ተነሥቶ በወጪው ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አፍ፣ ከዚያ በቫልቭና በማጣሪያ አልፎ ወደ ማሳው ይሄዳል። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሽንኩርቱ ሥር ድረስ ኤሌክትሪክና ውኃ ተቀባብለው የሚሠሩበት አንድ ረጅም ሰንሰለት አለ፤ ማሳው ላይ የሚታየው ምልክት ግን አንድ ብቻ ነው፦ ውኃ የለም።

ይህ አንድ ምልክት የሚፈታበት መንገድ በአገሩ የትምህርት ወግ ውስጥ ስም አለው። በቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ አንድን ቃል ሲያብራራ «አንድም» እያለ አንዱን ፍቺ በሌላው ላይ ይጨምራል፤ ሥርዓቱም ከዚሁ ቃል አንድምታ ተብሏል። የቆመ ፓምፕም አንድምታ አለው። አንድም ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ጠፍቶ ሞተሩ ሊነሣ ሳይችል እያጉረመረመ ነው፣ ወይም በመዞር ላይ ሳለ ጠፍቶበት የቀሩት ሁለቱ ፌዞች ከመጠን በላይ ሲሸከሙ ሪሌዩ አቋርጦታል። አንድም አሸዋ ገብቶ ውኃ ገፊውን ተሽከርካሪ አንቆታል። አንድም የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ፓምፑ አየር እየጠጣ ነው። አንድም ወጪው ቱቦ መሬት ውስጥ ተቀዶ ውኃው ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ እየፈሰሰ ነው። አንድም ማጣሪያው በደለል ተደፍኗል፤ አንድም አንድ ሰው ቫልቭ ዘግቶ ረስቷል። እያንዳንዱ ፍቺ ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ያስረዳል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ምልክቱን ማስረዳት የሚችል ነገር ሁሉ ምልክቱን ያስከተለ ነገር አይደለም።

በመጽሐፍ ትርጓሜ የተለያዩት ፍቺዎች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የቃሉ ባለጠግነት ምስክሮች ሆነው ይጠበቃሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። በፓምፑ ላይ ግን ፍቺዎቹ እስኪፈተኑ ድረስ ብቻ ነው አብረው የሚቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ መውደቅ አለባቸው። የአንድምታው ወግ ለምርመራ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ማለትም በመጀመሪያው ፍቺ ላይ አለመርጋትን አስተምሯል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን «አንድም» ከማለቱ በፊት ስለሚቆም ነው። የቀረው ግማሽ መለካት ነው። ሐተታ የሚለው የግእዝ ቃል ትርጉሙ መመርመር መሆኑ ይታወቃል፤ በፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው «ሐተታ» የተባለ መጽሐፍ ማን ጻፈው የሚለው የሊቃውንት ክርክር እስከ ዛሬ ቢቀጥልም፣ ቃሉ ግን ከክርክሩ ነጻ ነው፣ ሥራውም በፓናሉ ፊት በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ እንደሚሠራው ያለ ሥራ ነው።

ለመለካት ደግሞ አንድ ምስክር አይበቃም። የኦሪት ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲጸና ያዘዘው ሥርዓት በፍትሐ ነገሥትም በኩል ለኢትዮጵያ የፍርድ ልማድ ደርሷል፤ ይኸው ሥርዓት በጉድጓዱ አፍ ላይ በሚያስገርም ትክክለኛነት ይሠራል። አንደኛው ምስክር በቱቦው ላይ የተተከለው የግፊት መለኪያ ነው፤ ሁለተኛው ሽቦውን አቅፎ አምፔሩን የሚያነበው ክላምፕ ሜትር ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ አምፔሩ ዝቅ ካለ ውኃው መውጫ አጥቷል፣ ስለዚህ ፍለጋው ከጉድጓዱ አፍ ወዲያ ወዳለው ቫልቭና ማጣሪያ ይሄዳል። ግፊቱ ዝቅ ብሎ አምፔሩ ከፍ ካለ ፓምፑ የታነቀ፣ ወይም ከጉድጓዱ አፍ ወዲያ ያለ ቱቦ ፈንድቶ ውኃው ያለ ልክ የሚፈስ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ፓምፑ እየዞረ የሚገፋው ውኃ አላገኘም፣ ወይም መግፋት አልቻለም። የግፊት መለኪያው ብቻውን ቢጠየቅ የታነቀውን ከደረቀው አይለይም፤ ክላምፕ ሜትሩም ብቻውን ቢጠየቅ የተዘጋውን ከደረቀው አይለይም። እያንዳንዳቸው እውነት ይናገራሉ፤ ለፍርድ የሚበቃው ግን ቃላቸው ሲገጣጠም ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለፍልስፍናው የበለጠ የሚያስተምር አንድ ብልሽት አለ። ሦስት ፌዝ ሞተር የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚወስነው የፌዞቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ትራንስፎርመር ሲቀየር ወይም የወደቀ መስመር ሲጠገን ከሦስቱ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ቮልቴጁ ትክክል ነው፣ ሦስቱም ፌዝ አለ፣ ሪሌዩ ዝም ብሏል፣ ድምፁም እንደ ወትሮው ነው፤ ውኃው ግን ይቀጥናል፣ ወይም እስከ ጉድጓዱ አፍ ለመድረስ ያቅተዋል። ማንም ሰው ማሽኑን ሲያዳምጥ ጤነኛ ነው ስለሚል፣ የቀረው ግምት ጉድጓዱ ነጥፏል የሚለው ይሆናል፤ ይህ ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ገበሬው ዘሩን ሊተው፣ የመስኖ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ሌላ ጉድጓድ ሊለምን፣ አንዳንዱም ነገሩን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። መድኃኒቱ ኃይሉን የሚያቋርጠው ዋናው ብሬከር ከጠፋና ሽቦዎቹ ኃይል የሌላቸው መሆኑ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ማናቸውንም ሁለት ፌዞች ማለዋወጥ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተው ትሕትና ሊታሰብበት ይገባል። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብሎ መቀበል የትሕትና ቃል ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ሽቦ ተለዋውጦ ሳለ ውኃውን የከለከለው ፈጣሪ ነው ማለት ፈጣሪን ያላደረገውን አደረገ ብሎ መመስከር ነው፤ በሐሰት መመስከር የተከለከለው በሰው ላይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም አስቸጋሪ ነው።

ሽቦ ከመንካት በፊት መለካት የሚለው ደንብ ራሱ የእምነትን ወሰን ያሳያል። «ጠፍቷል» የተባለን መስመር ሳይለኩ መንካት የነገረውን ሰው ማመን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማወቅ በሚቻልበት ቦታ ማመን የእምነት ሥራ አይደለም፤ የእምነትን ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። እምነት ቦታው መለኪያ በማይደርስበት ነው፣ ማለትም በሰው ሕይወት ትርጉም፣ በሞት፣ በተስፋ፣ በይቅርታ። ሁለቱን ማቀላቀል ሁለቱንም ይጎዳል።

የተሰወረን ነገር የመፈለግ ልማድ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ የቀድሞዎቹ መንገዶች ግን በአብዛኛው ፍለጋቸው ሰው ነበር። በአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ ወንጀል የተፈጸመበት አካባቢ ነዋሪ በሙሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪነገር ድረስ ይያዝ ነበር፤ በስውር የሚጠቁመውም ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ቢያንስ የብዙ ሰው ዕውቀት የሚደመርበት ሸንጎ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ማንም ሊመረምረው በማይችል ምልክት ላይ የተጣለ ፍርድ ነበር። የሚያመሳስላቸው ጥያቄያቸው መልስ እንዲሆን የሚፈቅደው የሰው ስም ብቻ መሆኑ ነው። በፓምፕ ቤቱ ደጃፍ የሚሰበሰበው ሕዝብም ሳያውቀው አውጫጭኝ ሊቀመጥ ይችላል፤ የደከመ ኮንታክተር ግን ስም የለውም፤ ስለዚህ በዚያ ሸንጎ ሊጠራ አይችልም።

በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ያቀረቡት ጥያቄም እንዲሁ በሁለት ስሞች መካከል ብቻ ምርጫ የሚሰጥ ነበር፤ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? የተሰጠው መልስ ሁለቱንም ስሞች አስወገደ፣ ጥያቄውንም አፈረሰ። በሉቃስ ወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች የተባለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ ሞታቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች እንደነበሩ ማስረጃ አይሆንም። የኢዮብ ወዳጆችም ስሕተታቸው ያለ ማስረጃ ከምልክቱ ወደ ሰውየው መዝለላቸው ነው፤ የኢዮብን ቁስል ስላዩ ጥፋቱን ያወቁ መሰላቸው። እነዚህ ንባቦች በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን የሚሰሙ ሆነው ሳለ፣ የሚሰጡት ትምህርት በአብዛኛው ለመከራና ለበሽታ ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ያሳዝናል፤ በየቀኑ በሚበላሹት ነገሮች ላይ ሰው በሰው ላይ ለሚሰጠው ፍርድም እኩል ይሠራል።

በእስልምና በኩል ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) እሳት ጥጥን ሲነካ የሚታየው መቃጠል በእሳቱና በጥጡ መካከል ያለ የግድ ትስስር ሳይሆን ፈጣሪ ሁለቱን አከታትሎ የፈጠራቸው መሆኑን ሲከራከር፣ ኢብኑ ሩሽድ (1126–1198 እ.ኤ.አ.) ደግሞ አስገኚዎችን የካደ ሰው አእምሮን ራሱን እንደሚክድ መልሷል። ክርክሩ ፈጣሪ ሁሉን ቻይ መሆኑንና ዓለም ሥርዓት ያላት መሆኑን እንዴት አንድ ላይ መያዝ ይቻላል የሚል ጥልቅ ክርክር ነው፤ ይሁንና አል-ገዛሊን ተከትሎም ቢሆን ፈጣሪ በዚህ ዓለም የሚሠራበት ልማድ የጸና ስለሆነ፣ ሰበቡን ከማድረስ ነጻ የሚያወጣ ነገር የለም። ግመሉን አስረህ በአላህ ተመካ የሚለውን ትርጉም የያዘው ትውፊት ለዚሁ ይጠቀሳል፤ የሑጁራት ምዕራፍም ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሲኖር ባለማወቅ ሌላውን ከመጉዳት በፊት ማጣራትን ግዴታ ያደርጋል። ማጣራት የሚለው ግዴታ የተሰጠው የሰውን ክብር ለመጠበቅ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ፓምፕ የበዛ እንዳይመስል ቆቦ የሚገኝባት ወሎ ራሷ የከፈለችውን ዋጋ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በብዙዎች ዘንድ ዝናብ ጠፋ፣ እህል አለቀ፣ ሰው ሞተ ተብሎ በሦስት ቃል ይነገር ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን በዚያው ዘመን የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ መጠን ያን ያህል አለመቀነሱን፣ የደሴ ገበያ ዋጋም ብዙ አለመናሩን፣ ከወሎም እህል ወደ ውጭ የወጣበት ሁኔታ እንደነበረ አሳይቶ፣ የተበጠሰው የገበሬውና የአርብቶ አደሩ የመግዛት አቅም መሆኑን አስረድቷል። ድርቁ ሐሰት አልነበረም፤ የወሎ ማሳ ደርቆ ነበር። ነገር ግን ከሰማይ እስከ ገበታ ባለው ሰንሰለት ውስጥ የተቆረጠው ቀለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው ብሎ መደምደም፣ ውኃ ስለጠፋ ጉድጓዱ ነጥፏል እንደማለት ነበር። ሁሉንም በሰማይ ላይ የጣለ ምርመራ በምድር ላይ ሊጠገን የሚችለውን ሳያይ አለፈ፤ በዚህ ስሕተት የሞተው ሰው ብዛት ደግሞ ማንኛውንም የምርመራ ቸልተኝነት ቀላል ጥፋት ብሎ ለመጥራት አይፈቅድም። ምህላ ማድረግ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ የሚጋጨው ምህላው የምርመራው ምትክ ሲደረግ ነው።

በእርግጥ «ማን?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በቆቦ ሲያልፍ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አካባቢ ሲያገረሽ፣ የሰሜን ወሎ ሕዝብ ለወራት ያለ መብራት ኖሯል። ሽቦው የተቆረጠበት፣ ሞተሩ ተነቅሎ የተወሰደበት ሰው «ምክንያቱን መርምር፣ ሰው አትፈልግ» ቢባል ይህ ሌላ በደል ነው፤ እጅ ያደረገው ነገር በእጁ ባለቤት ስም መጠራት አለበት። ሆኖም ፍትሕ ራሱ ቅደም ተከተሉን ይፈልጋል፦ የተቆረጠ ኬብልና በሙቀት የተቃጠለ ኬብል ጫፋቸው ይለያያል፤ ጫፉን ያላየ ከሳሽ እውነተኛውን በዳይ ራሱ ያስመልጠዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥፋተኛም የተበላሸ ዕቃም የሌለበት ሁኔታ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ከሚተካው በላይ ሲወጣ ወለሉ ይወርዳል፤ ይህ በማንም ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠረ ብልሽት አይደለም። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ፓምፕ ቢመረመር ጤነኛ ነው፣ እያንዳንዱ ኦፕሬተር ቢጠየቅ ከተራው አላለፈም፤ ፍቺዎቹ አንዱ ሌላውን የሚያባርሩበት ፈተናም አይሠራም፣ ምክንያቱም የሁሉም ድርሻ በአንድነት እውነት ነውና። በጎርፍ ጠለፋ ዘመን የውኃ አባት የሚባለው ሽማግሌ ቦዩ ላይ ቆሞ የላይኛው ማሳ ስንት እንደወሰደ፣ ለታችኛው ስንት እንደቀረ በዓይኑ አይቶ ያካፍል ነበር፤ የከርሰ ምድሩን ውኃ ግን ማንም ቆሞ አያየውም። የሚያየው ጫፉ ውኃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ የመለኪያ ገመድ ብቻ ነው፤ ገመዱም በአንድ ጉድጓድ አንድ ቀን ሲወርድ የሚናገረው አንድ ቁጥር ነው። የአንዱ ጉድጓድ ቁጥር ከጎረቤቱ፣ የዘንድሮውም ከአምናው ጎን በአንድ መዝገብ ላይ እስኪጻፍ ድረስ፣ ሜዳው ስለ ውኃው የሚያውቀው ማኅበሩ በፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ እርስ በርሱ የሚጠያየቀውን ያህል ብቻ ነው።